የመስኮቱ ባዘቶ

ሰንድማ ጠዋት ሻይ ልትጥድ ወጥ ቤት ስትገባ መስኮቱ ሱፍ አብቅሎ አገኘችው። በእንጨቱና በግድግዳው መሃል ባለው ስንጥቅ ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አመድማ ለስላሳ ነገር ተጠቅጥቋል። መጀመሪያ ሻጋታ መስሏት ነበር። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ቀረብ ስትል ግን ወዲያው አወቀችው። ባዘቶዋ ነው። በማንኪያ እጀታ ይሁን በቢላ ጫፍ እየተገፋ እስከ ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጫፉ ተርፎ እንደ ሽማግሌ የጆሮ ጸጉር ብቅ ብሏል። በጣቷ ነካ አደረገችው። በውጭ በኩል ያለው የድንጋይ ከሰል ጢስ ከአሁኑ አጥቁሮታል።

ሻዩን ትታ ወደ በረንዳው ሄደች። በረንዳው በመስታወት የተዘጋ ጠባብ ነገር ነው፤ ከቤቱ ውስጥ ሰንድማ የኔ የምትለው ቦታ ግን እሱ ብቻ ነው። የጎመን ሳጥን አለ፤ ብርዱ ድንጋይ ያደረገው የበግ ስጋ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለመቀመጫ አንዲት ዱካ አለች፤ ሚስማሩ ላይ ደግሞ ባዘቶዋን የምታስቀምጥበት የትራስ ልብስ ይንጠለጠል ነበር። አሁን ሚስማሩ ባዶ ነው። የትራስ ልብሱ ጥግ ለጥግ ገጥሞ፣ በደንብ ተጣጥፎ ዱካዋ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉም ያናደዳት ይኼ መታጠፉ ነው። ሌባ ቢሆን ወርውሮት ይሄድ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ግን ደስ እያለው፣ ምናልባትም እያፏጨ፣ ቤቱን እየረዳ ነው ያደረገው።

ሱፉን በመስከረም ከትልቁ ገበያ ነበር የገዛችው፤ ከገጠር በጭነት መኪና መጥታ ጆንያዋ ላይ ከተቀመጠች አንዲት አርቢ። የግልገል ሱፍ ነው፣ የመጀመሪያ ሸልት። የያዛት ቀለሙ ነበር፤ ነጭም አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፣ የርግብ ደረት ነው የሚመስለው። «እንዲህ ያለ ግልገል አልፎ አልፎ ነው የሚወለድልን፤ ለከርሞም ላይኖር ይችላል» ብላታለች ሴትየዋ። ሰንድማ ተሸክማ አመጣችው። ለብ ባለ ውሃ ሳታሽ አጠበችው፣ ገለባውንና እሾሁን በጣቷ ለቀመች፣ ቀዝቃዛ ቦታ አደረቀችው፣ ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ በሁለት ብሩሽ እየበጠረች ባዘቶ አደረገችው። ልጇ «ሾርባዬ ውስጥ በግ ገባ» እያለ ሲያሾፍባት ሰማች እንጂ አላቆመችም። ሰው ሁሉ አንዲት የሞንጎል አሮጊት እንዝርት ይዛ የተወለደች ይመስለዋል። ሰንድማ የተወለደችው ኡላንባታር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ዕድሜዋን የጨረሰችውም ከላዩ ከተዘረጋ ሽቦ ኃይል እየወሰደ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ አውቶብስ ስትነዳ ነው። ጡረታ ስትወጣ እጇ ሥራ ፈታ፤ ተኝታ እንኳን መሪ እንደያዘ ሰው ጣቶቿ ይጨብጣሉ። ያን ጊዜ ነው በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ መፍተል ያስተምራሉ ሲባል ሰምታ የሄደችው።

ዓመት ሙሉ ክሩ ሲበጠስባት ኖረ። አንዱ ጋ እንደ ጣት ይወፍራል፣ አንዱ ጋ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥናል፣ ከዚያ እንዝርቱ ወለሉ ላይ ይወድቅና ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩዋታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ ክሩ ሳይበጠስ እንዝርቱ ከወገቧ እስከ ወለሉ ወረደ። ደገመችው፤ ወረደ። ያን የርግብ ቀለም ያለውን ባዘቶ እጇ እስኪፈታ ብላ ነበር ሳትነካው ያቆየችው። ዛሬ ልትጀምረው ነበር። ክሩን ራሷ ፈትላ፣ ራሷ በመርፌ ሠርታ፣ ትከሻዋን የሚሸፍን ሻርፕ ልታደርገው። «ለማን ነው?» ይሏታል ሁሉም። «ለእኔ» ስትል ደግሞ ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ።

ሻዩ ፈልቶ ወተቱና ጨው ሲገባበት ቤተሰቡ ተነሳ። ልጇ ባዳርች የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሰው ነው። ሚስቱ ሳሩል መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከድንኳኑ ሰፈር፣ ሰው ሁሉ ምድጃ ውስጥ የድንጋይ ከሰል እየማገደ ከሚያድርበት ከኮረብታው፣ ትንሿ ልጃቸውን ኢቬልን ይዘው ሲመጡ «ለአንድ ብርድ ብቻ ነው እማዬ፣ ሳንባዋ እስኪያገግም» ብለው ነበር። ሰንድማ መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸውና እሷ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛች። ይኸው አራተኛ ብርዳቸው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስጋ ይገዛሉ፤ ወገቧን ሲያማት ሳሩል ቅባት አምጥታ ታሽላታለች።

«ባዳርች፣» አለች ሰንድማ ሻዩን በጎድጓዳ ሳህን ፊቱ እያስቀመጠች፣ «መስኮቱ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ሱፍ ነዋ!» አለ ባዳርች ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ እየነከረ። «ማታ አንቺ ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ሲወስድሽ ነው የጠቀጠቅኩት። መኝታ ቤቱንም አድርጌዋለሁ። አየሽ አይደል? ጢሱ ቀጥ! ልጅቷ ሌሊቱን አንዴም አልሳለችም። ስፖንጅ ልገዛ አስቤ ነበር፤ በረንዳ ላይ አንድ ከረጢት ሱፍ ተንጠልጥሎ ለምን ብዬ ነው የምገዛው አልኩ።»

«የታጠበ ነው።»

«ጥሩ ነዋ፣ አይሸትም።»

«የተበጠረ ነው እኮ ባዳርች! ከመስከረም ጀምሮ የበጠርኩት ነው።»

«እማዬ፣ ሱፍ እኮ ነው። እኛ አገር ከሰው በግ ይበዛል። ያንን የሚያህል አንድ በግ ጭራው ላይ ይዞ ይዞራል።»

ኢቬል ሳቀች። ሳሩል ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ወደ አማቷ ዞራ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች። «እኔም ሥራ ላይ የማይውል ትርፍ ነገር መስሎኝ ነው። መጠየቅ ነበረብን። ግን እውነቱን ነው፤ ልጅቷ እንዲህ ተኝታ አታውቅም።» ሳሩል እንዲህ ስትናገር ሰው የሚመልሰው ነገር ያጣል። ሰንድማ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ከታችኛው ጥግ ብቅ ያለውን ጫፍ ያዘችና በቀስታ ሳበችው። አንድ ስንዝር ያህል ወጣ። ወዲያው በቀዳዳው እንደ ቢላ የቀጠነ ብርድ፣ ከብርዱ ጋር ያ የታወቀው የተቃጠለ ድንጋይ ሽታ ገባ። ኢቬል ሳህኗ ላይ አጎንብሳ አሳላት፤ አንዴ፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። ሰንድማ ያወጣችውን ሱፍ በገዛ ጣቷ መልሳ ጠቀጠቀችው።

ከዚያ ካፖርቷን ለበሰች። «የት ነው እማዬ በዚህ ብርድ?» አለ ባዳርች። «ገበያ» አለች። «ስፖንጅ ልገዛ።» «ለምን ስፖንጅ? ተደፍኖ የለ እንዴ?» አለና ሚስቱን አየ። ሰንድማ በሩን ዘግታ ደረጃውን ወረደች። ሊፍቱ ከተበላሸ ሰንብቷል። ልጇ የከተማውን ሊፍት ሁሉ ይጠግናል፤ የእናቱን ሕንጻ ሊፍት ግን የሌላ ድርጅት ስለሆነ አይነካም።

ገበያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰው ብዛት አያስገባም። ሰንድማ አፍና አፍንጫዋን በፎጣ ሸፍና፣ ቅንድቧ ላይ ውርጭ እየጋገረ፣ መጀመሪያ ስፖንጁን ገዛች፤ ነጋዴው አንዱን ጥቅል ሦስት ሺህ ቱግሪክ አላት፣ አልተከራከረችም። ከዚያ ሱፍ ወደሚሸጥበት ረድፍ ሄደች። በመስከረም ጆንያዎቹ እስከ ጣራ ተቆልለው የነበሩበት ቦታ አሁን ግማሹ ተዘግቷል፤ የብረት በሮቹ ላይ በረዶ ተጋግሯል። አንዲት ጉንጯ የቀላ ሴትዮ ብቻ ኮንቴነሯ ደጃፍ የከሰል ምድጃ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው ሱፍ ሁሉ ነጭ ነው።

«እናቴ፣ በታኅሣሥ የግልገል ሱፍ ትፈልጊያለሽ? ግልገሎቹ እኮ አሁን አውራ በግ ሆነዋል!» አለች ሴትዮዋ ሰንድማ የምትፈልገውን ስትነግራት። «ነጩን ውሰጂና ንከሪው። የቻይና ቀለም አለ፣ የፈለግሽውን ግራጫ ታወጪበታለሽ።»

«የተነከረ አልፈልግም። ከበጉ ላይ እንዲህ ሆኖ የወጣ ነው የምፈልገው።»

«ለልጅ ልጅሽ ነው? ልጅ ቀለም አይመርጥም። ይሙቀው ብቻ።»

«ለእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አሃ» አለች፤ ከዚያ እጇን ወደ ምድጃው መለሰች። ሰንድማ ባዶ እጇን ላለመመለስ ነጩን አንድ ኪሎ ገዛች፤ ገና በፌስታሉ ውስጥ ሻካራ መሆኑን ጣቷ ነግሯታል። አውቶብሱ ውስጥ ሰው ለሰው ተጣብቆ ቆሟል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ፍሬኑን በድንገት እየረገጠ ሕዝቡን አንዱ ሌላው ላይ ይከምረዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ሰንድማ ከኋላው ቆማ በልቧ አብራው ትነዳ ነበር። ዛሬ ግን ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «አንድ በግ ጭራው ላይ» የሚለው ነገር ጆሮዋ ውስጥ እየተመላለሰ ነው የሄደችው። መልሱ አሁን መጣላት። ብዙ መልስ መጣላት፤ አንዱ ካንዱ የሚሻል። ወጥ ቤት ቆማ ሳለ ግን አንዱም አልነበረም።

የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይሞቃል፤ የማሞቂያው ትልቅ ቧንቧ በጣራው በኩል ያልፋል። ሴቶቹ ቀድመው ተሰብስበዋል። ዛሬ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጫማ ነው የሚሠሩት፤ ሱፍ ደራርበው ይዘረጋሉ፣ የፈላ ውሃና ሳሙና ያፈሱበታል፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያሹታል፣ ያንከባልሉታል፣ ይደበድቡታል። ሱፍ ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ድንኳን ልባስ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈታውም። አስተማሪዋ ቱንጋ የልጅ ልጅ ልትሆናቸው ትንሽ የሚቀራት፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ልጅ ናት። ሁሉንም «እትዬ» እያለች ትጠራለች፤ ሁሉም ይወዷታል።

ሰንድማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገረቻቸው። መንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው ነገር ነው፤ መስኮቱን፣ የታጠፈውን የትራስ ልብስ፣ የባዳርችን ንግግር። ስትጨርስ አንድ ሰው «ኧረ ጉድ!» እንዲላት ነበር የጠበቀችው። መጀመሪያ የሳቀችው ሃንዳ ናት። ሃንዳ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ የነበረች፣ ክንዷ እንደ ሊጥ መዳመጫ የሆነ ወፍራም ሴት ናት፤ ነገር ስትሰማ አፏ አያርፍም።

«አንቺ ደግሞ! ልጅሽ ቤት ካሞቀልሽ ምን ትፈልጊያለሽ? የእኔው ልጅ እንኳን መስኮት ሊደፍን በሩንም አይዘጋም።»

«ባዘቶዬን እኮ ነው ሃንዳ።»

«ገባኝ፣ ባዘቶሽን ነው። ልጅቷ አሁንም ታስላለች?»

«አታስልም።»

«እና በምን አፍሽ ልትናገሪ ነው?» አለች ሃንዳ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው፤ እጃቸው ሳሙና ውስጥ ነው፣ ሞቋቸዋል፣ ቀልድ ፈልገዋል። ሰንድማ ግን ፊቷን አዞረች። ጥግ ሄዳ ነጩን ሱፍ አወጣች፣ በብሩሽ በጥድፊያ በጠረችው፣ እንዝርቷን አሾረችው። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለችው፤ ተበጠሰ። ጣቶቿ ባለፈው ቅዳሜ ያወቁትን ነገር ረስተውታል፤ ወይም ሱፉ ሻካራ ስለሆነ ነው፣ ወይም አልጋ ላይ ሳትሆን ሶፋ ላይ ስላደረች ትከሻዋ ስለደነደነ ነው። እንዝርቱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ምድር ቤቱን ሞላው። ቱንጋ መጥታ አነሳችላትና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ሰንድማ፣ እጅዎን ላላ ያድርጉት። ሲናደዱ እኮ ንዴቱ ወደ ክሩ ይወርዳል።»

«ታዲያ ወዴት ይውረድ?» አለች ሰንድማ ጮክ ብላ።

ሳቁ ቆመ። ቱንጋ ቀላች፤ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ሰንድማ ወዲያው ጸጸታት። በገዛ ልጇ ላይ ያልወጣው ድምፅ ምንም ባላደረገችው ልጅ ላይ ወጣ። እስከ መውጫው ሰዓት ድረስ አቀርቅራ የተበጠሰውን እየቀጠለች ተቀመጠች፤ የፈተለችው ነገር ክር ሳይሆን የቋጠሮ ሰንሰለት ነው።

ሴቶቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሃንዳ ጥግ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ የራሷን ከረጢት ልትከት መጣች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ቆመች። ውስጡ የሃንዳ ዕቃ ሞልቶታል፤ ልቃቂቶቿ፣ ገና ያላለቀ ሰማያዊ ሹራብ፣ መርፌዎቿ በጨርቅ ተጠቅልለው።

«እዚህ ለምን የማስቀምጠው ይመስልሻል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ አሁን ቀልድ የለባትም። «ቤት ወስጄው ነበር። ምራቴ የድመት መጫወቻ አደረገችው፤ ልጄ ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ላከ። እኔ የምኖርበት ቤት የልጄ ነው፤ ጥገኛ ነኝ፤ ምን እላለሁ? ተሸክሜ እዚህ አመጣሁት።» ቁም ሳጥኑን ቆለፈች። «የአንቺ ቤት የማን ነው?»

«የኔ።»

«በስምሽ?»

«በስሜ። የአውቶብስ ድርጅቱ ነው የሰጠኝ።»

«እና ታዲያ?» አለች ሃንዳ፤ ሻርፗን ጠምጥማ ወጣች።

ሰንድማ ወደ ቤት ስትመለስ መብራት በርቷል፤ ሰማዩ ጢሱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሆኗል። ደረጃውን እያረፈች ወጣች። በየፎቁ ሌላ ቤት፣ ሌላ የስጋ ሽታ፣ ሌላ ቴሌቪዥን። የራሷን በር ስትከፍት የመጣባት ሽታ ግን የእርጥብ በግ ነው፤ ከሳሙና ጋር የተቀላቀለ። ባዳርች ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ጆሮው ቀልቷል፤ ልጅ ሆኖ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሲመጣ የሚቆመው አቋቋም ነው።

«እማዬ፣ ግቢ ግቢ። አውልቂ። መጀመሪያ መስኮቱን እይ።»

መስኮቱ ሁሉ በአዲስ ነጭ ስፖንጅ ተደፍኗል፣ በላዩም ሰፊ ፕላስተር ተለጥፎበታል። እሷ የገዛችው ስፖንጅ ገና በፌስታሏ ውስጥ ነው። «አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሳሩል ጮኸችብኝ» አለ ባዳርች። «ልክ ነበረች፤ ወርጄ ስፖንጅ ገዛሁ። ቀኑን ሙሉ ነው የለቀምኩት እማዬ፣ ሙሉ ቀን! በሳሩል ቅንድብ መንቀያ፣ አንዷንም አልተውኩም። ከዚያ ጢሱ አጥቁሮት አየሁትና፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት እሰጣታለሁ ብዬ አጠብኩልሽ። ማሽኑ ላይ ዘጠና ዲግሪ። በጣም ቆሽሾ ስለነበር ሁለቴ አዞርኩት።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ፎጣ ተነጥፎለት፣ አንድ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። የተኛች ድመት ያህላል። ሰንድማ ጓንቷን አወለቀች። በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳበችው። አልተንቀሳቀሰም። ጥፍሯን አስገብታ አንዲት ዘለላ ልትነቅል ሞከረች፤ ጥፍሯ ተንሸራተተ። የመስከረሙ፣ የጥቅምቱ፣ የኅዳሩ ማታ ሁሉ አንድ ላይ ተያይዞ እንደ እግር መጥረጊያ ሆኗል። ቀለሙ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ታጥቦ ይበልጥ አምሯል።

«ትንሽ ተኮማትሯል መሰለኝ» አለ ባዳርች። «ሲደርቅ ይላቀቃል አይደል?»

«አይላቀቅም።»

«ቆይ፣ በማበጠሪያው…»

«አይላቀቅም ባዳርች።»

ሳሩል ከምድጃው ዞረች። እንፋሎት ላይ ያስቀመጠቻቸው በስጋ የተሞሉ የሊጥ ድብልብሎች እየበሰሉ ነው፤ ዛሬ ሰንድማ የምትወደውን፣ ሽንኩርት የበዛበትን ነው የሠራችው። «እማማ፣ አይዘኑ» አለች። «ለኢቬል ጥሩ የጫማ ገበር ይወጣዋል። ሁለት ጥንድ ሳይሆን አይቀርም!»

«ምን ሁለት ጥንድ፣» አለ ባዳርች ወንበር ስቦ እየተቀመጠ፣ እናቱን ሊያስቅ ፈልጎ፣ «ሁለት ሦስት እንዲህ ካጠብኩ ድንኳን እንተክላለን!»

ኢቬል በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንከባለለች። ሰንድማም ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ጉሮሮዋ ጋ ደርሶ ነበር። ብትስቅ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ነገ ገበሩ ይቆረጣል፣ እሷም ሶፋው ላይ ታነጥፋለች። ይህንን ስታስብ ነው ሳቁ የተመለሰው።

«ባዳርች፣ መቼ ነው የምትወጡት?» አለች።

«የት?»

«ከቤቴ።»

ሳሩል ጭልፋውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ባዳርች እናቱን ሲያያት ፊቱ ላይ ፈገግታው ገና አልጠፋም፤ ምን እንደሚያደርግበት ስላጣ ነው።

«እማዬ… በሱፍ ምክንያት?»

«በሱፍ ምክንያት።»

«ልጅቷን ይዘን ወደዚያ ጢስ እንድንመለስ? ሳንባዋስ?»

«ኢቬል ትቀመጥ። እሷን መች ጠየቅኩ? አንተንና ሚስትህን ነው የጠየቅኩት።»

ባዳርች ተነሣ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ በመንቀያ ሲለቅም መዋሉን፣ ወገቡ መቆረጡን፣ የትኛው ልጅ ነው ለእናቱ እንዲህ የሚያደርገው እያለ ጮኸ። ስጋውን ማን እንደሚገዛ፣ መብራቱን ማን እንደሚከፍል ጮኸ። ሰንድማ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከአፏ የወጣው ነገር እሷንም አስደንግጧታል፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ ነው የቆመችው። ግን ወደ ኋላ ልትመልሰው አልፈለገችም። አውቶብሱ ውስጥ ከመጡላት ብዙ መልሶች አንዱም አላስፈለጋትም።

«መልቀምህን አየሁ። አመሰግናለሁ» አለችው። «ግን ሳትጠይቅ ወሰድከው፣ ሳትጠይቅ አጠብከው። ክፍሌንም ለአንድ ብርድ ብለህ ነው የወሰድከው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅከኝም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን እየተናገርኩ ነው። ወይ ትወጣላችሁ፣ ወይ ክፍሌን ትመልሱልኛላችሁ። ዛሬ።»

ሳሩል ናት የቀደመችው። እሳቱን አጠፋች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ማንንም ሳታይ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። የቁም ሳጥን መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ትንሽ ቆይታ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጯ ታቅፋ ወጣች፤ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ ተመልሳ ትራሶቹን አመጣች። በሰንድማ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗን አላነሳችም፤ ከንፈሯ ግጥም ብሏል፤ ሰንድማም ይቅርታ አላለቻትም። ባዳርች የወደቀውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠበት። ደስ ያላት ኢቬል ብቻ ናት፤ ቴሌቪዥን ፊት መተኛት እንደ ሠርግ ሆኖላት ትራሱ ላይ ትዘላለች። ከዚያ በሉ። ድብልብሎቹ ቀዝቅዘው ነበር።

ሰንድማ ገብታ በሩን ዘጋችው። ክፍሉ ከምታስታውሰው ጠቧል። አልጋዋ ወደ ሌላው ግድግዳ ተዛውሯል፣ የልጅ አልጋ ተጨምሯል፣ ግድግዳው ላይ በኢቬል ቁመት ልክ በእርሳስ የተሳሉ ፈረሶች አሉ። የማያውቁት ሰው ቤት የገባች ነው የመሰላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልትፈትል ብትፈልግ የምትፈትለው የለም፤ ያ ሻካራ ነጭ ሱፍ ኮሪደሩ ላይ በፌስታሉ ቀርቷል፤ እሱን ለማምጣት ደግሞ ሶፋው ፊት ማለፍ አለባት። ከበሩ ማዶ ባልና ሚስቱ በሹክሹክታ ያወራሉ። ስሟን ሰማች፤ የቀረውን አልሰማችም። ልቧ አልረካም፤ ቂሙም አልወጣላትም፤ ሻርፑም ያው የለም። ትከሻዋን ብቻ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

በሩ ተበርግዶ ባዳርች ገባ። ጓዳ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ አልጋው ራስጌ ሊያልፍ ሲል፣ «ውጣ» አለችው። «ውጣና አንኳኳ።»

«እማዬ፣ ቻርጀሬን እኮ ነው…»

«ውጣና አንኳኳ።»

ቆሞ አያት። ያ ትልቅ ሰውነቱ የት እንደሚገባ የጠፋው መሰለ። ከዚያ ወደ ኋላው ሄዶ ወጣ፣ በሩን ዘጋው። በሩ ተንኳኳ፤ በቀስታ፣ በአንድ ጣት።

«ማነው?» አለች ሰንድማ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ባዳርች ነኝ፣ እማዬ። ቻርጀሬን ልወስድ ነው።»

ቻርጀሩ እጇ የሚደርስበት ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ሰንድማ አየችው፤ አልነካችውም። ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ ደራርባ ነበር የተቀመጠችው።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። «ቆይተህ ና።»

ከበሩ ማዶ እርምጃው ወደ ሳሎን ሲርቅ ተሰማ።